የቤት ኮምፒውተር አንቲቫይረስና ፋየርዎል፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ቫይረስ በብዛት ወደ ቤት ኮምፒውተር የሚገባው በሁለት መንገድ ነው፤ በፍላሽና በክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ፈቃዱ በተሰበረ ሶፍትዌር)። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ይህንን ታሳቢ አድርገው የተጻፉ ናቸው። የሜኑ ስሞች ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ስለሚታዩ እንደ አነባበባቸው አስቀምጠናቸዋል።

ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ነው። አንቲቫይረስ መግዛት አለብኝ?

ለአብዛኛው ቤት አያስፈልግም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባለው አንቲቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ጊዜውም አያልቅም። «ነጻ ስለሆነ ደካማ ነው» የሚለው አባባል ድሮ እውነት ነበረው፤ ዛሬ ግን አይሠራም። ጀርመን ማግደቡርግ ከተማ ያለው ኤቪ-ቴስት የተባለ የፍተሻ ተቋም አንቲቫይረሶችን በጥበቃ፣ በፍጥነትና በአጠቃቀም ከ6፣ ከ6 እየመዘነ ከ18 ነጥብ ይሰጣል። ዲፌንደር ላለፉት ዓመታት ሙሉውን ወይም ለሙሉው የቀረበ ውጤት ሲያገኝ ቆይቷል።

በተግባር የምናየው ችግር ዲፌንደር መጥፋቱ ወይም ለወራት ሳይታደስ መክረሙ ነው። ለአንቲቫይረስ ያሰቡትን ገንዘብ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝተው የፋይልዎን ቅጂ ቢያስቀምጡበት የበለጠ ይጠቅምዎታል።

ዲፌንደር በትክክል እየሠራ መሆኑን እንዴት አረጋግጣለሁ?

«ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ብለው ይፈልጉና ይክፈቱ። «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ገብተው «ማኔጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ይጫኑ። «ሪል-ታይም ፕሮቴክሽን»፣ «ክላውድ-ዴሊቨርድ ፕሮቴክሽን» እና «ታምፐር ፕሮቴክሽን» ሦስቱም መብራት አለባቸው። የመጨረሻው በተለይ ወሳኝ ነው፤ ቫይረስ ራሱ ገብቶ ዲፌንደርን እንዳያጠፋ የሚከለክለው እሱ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ወደ ታች ሲወርዱ «ኤክስክሉዥንስ» የሚል ያገኛሉ። ብዙ ሰው ይህንን አያየውም፤ እኛ ግን አስቀድመን የምናየው ይህንን ነው። ክራክ የጫነ ሰው ክራኩ እንዳይያዝበት አንድን ፎልደር፣ አንዳንዴም ሲ ድራይቭን ሙሉ በሙሉ ከፍተሻ ውጭ አድርጎት ሊሄድ ይችላል። እንዲያ ከሆነ አረንጓዴ ምልክት እየታየ ኮምፒውተሩ ጨርሶ አይጠበቅም። ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለበት፤ እርስዎ ያላስገቡት ነገር ካለ ያጥፉት፣ ከዚያም «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፉል ስካን» ያስጀምሩ። ሃርድ ዲስክ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ያድርጉት።

ቀጥሎ «አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል» ውስጥ «ረፒውቴሽን-ቤዝድ ፕሮቴክሽን»ን ገብተው «ፖተንሻሊ አንዋንትድ አፕ ብሎኪንግ»ን ያብሩ። ማስታወቂያ የሚረጩና ብራውዘር የሚቀያይሩ ፕሮግራሞችን የሚይዘው ይህ ነው።

ዲፌንደርን ላበራው ስል «በአስተዳዳሪዎ ቁጥጥር ሥር ነው» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አስተዳዳሪ ደግሞ የለኝም።

ይህ ጽሑፍ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ቢመጣ የተለመደ ነው። የግል ላፕቶፕ ላይ ከመጣ ግን ወይ ክራክ፣ ወይ ቫይረስ፣ ወይም ተቆራርጦ የተሠራ ዊንዶውስ ዲፌንደሩን ከሥሩ ዘግቶታል ማለት ነው። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ሴቲንግ መዝገብ) ውስጥ ገብቶ መክፈት ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም፤ ሌላ ምን እንደተነካ ማወቅ አይቻልምና። ፋይልዎን ወደ ውጭ ዲስክ ያውጡ፤ ፎቶ፣ ሰነድና ቪዲዮ ብቻ እንጂ የፕሮግራም መጫኛዎችን አይውሰዱ። ከዚያ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በወረደ ንጹሕ ቅጂ እንደ አዲስ ያስጭኑ። ለዚህ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ፍላሽ ያስፈልጋል።

አብዛኞቹ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተመዝግቦ ነው የሚመጣው። በዚህ ምክንያት ተመሳሳይ ዓይነት፣ ማለትም ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ ሲጫን ኢንተርኔት እንዳገኘ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ባለሙያው ክራክ ከመጫኑ በፊት ይህንን እንዲሞክር ይጠይቁት። ለአማርኛ መጻፊያም ቢሆን ከሰው ፍላሽ የተቀዳ ሶፍትዌር ግዴታ አይደለም፤ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ከቋንቋ ሴቲንግ ውስጥ ይጨመራል።

ፋየርዎልስ? ከአንቲቫይረስ በምን ይለያል?

ፋየርዎል የሚመለከተው በኔትወርክ የሚገባና የሚወጣውን ነው። ኮምፒውተርዎ ሳይጠይቅ ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት ያግዳል። በፍላሽ የገባ ወይም እርስዎ ራስዎ አውርደው የከፈቱት ፋይል ግን አይመለከተውም፤ እሱ የአንቲቫይረስ ሥራ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሞላም።

የዊንዶውስ ፋየርዎል ለቤት ይበቃል። ዋናው ነገር ኔትወርኩን በትክክል መሰየም ነው። ዋይፋይ ውስጥ የኔትወርኩን ፕሮፐርቲ ሲከፍቱ «ፐብሊክ» እና «ፕራይቬት» የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ካፌ፣ ሆቴል፣ ዶርም፣ የጎረቤት ዋይፋይ ሲሆን «ፐብሊክ» ያድርጉት፤ ኮምፒውተርዎ ለሌሎቹ አይታይም። «ፕራይቬት» የሚሆነው በራስዎ ቤት ራውተር ላይ፣ ያውም ፕሪንተር ወይም ፋይል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር መጋራት ሲፈልጉ ብቻ ነው። ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር ሲገናኙም «ፐብሊክ» ቢሆን የሚጎድልብዎት ነገር የለም።

ይህ ተራ ጉዳይ እንዳይመስልዎ። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ማንም ምንም ሳይከፍት፣ በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ቀዳዳ በኩል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ ነበር። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው ከሁለት ወር ገደማ በፊት ነው፤ የተጠቁት አፕዴት ያላደረጉት ነበሩ።

ፋየርዎሉ «አላው አክሰስ» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?

ፕሮግራሙን አሁን እርስዎ ራስዎ ከፍተውት ከሆነና ከሌላ መሣሪያ ጋር መገናኘት ካለበት፣ ለምሳሌ በዋይፋይ ከስልክ ፋይል የሚቀበል ከሆነ፣ «ፕራይቬት» የሚለውን ብቻ ምልክት አድርገው ይፍቀዱ። ስሙን የማያውቁት ከሆነ «ካንስል» ይበሉ። አብዛኛው ፕሮግራም ወደ ውጭ ለመውጣት ይህ ፈቃድ ስለማያስፈልገው ብራውዘርዎም ቴሌግራምዎም መሥራታቸውን ይቀጥላሉ።

ጌም ወይም ፕሪንተር እምቢ ሲል ፋየርዎሉን በሙሉ ማጥፋት የተለመደ ነው፤ ያንን አያድርጉ። «አላው አን አፕ ስሩ ፋየርዎል» ውስጥ ገብተው ያንን አንድ ፕሮግራም ብቻ ይፍቀዱለት።

ለብቻው የሚጫን ፋየርዎል ያስፈልገኛል?

ለደኅንነት ብለው ከሆነ አያስፈልግም። ዳታ ለመቆጠብ ከሆነ ግን ሐሳቡ መልካም ነው፤ እሱንም ያለው ፋየርዎል ይሠራዋል። የዊንዶውስ ፋየርዎል በተፈጥሮው ከውጭ የሚገባውን እንጂ የሚወጣውን አያግድም። አንድ ፕሮግራም ፓኬጅዎን እየበላ ካስቸገረዎት «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ከፍተው «አውትባውንድ ሩልስ» ውስጥ «ኒው ሩል»ን ይጫኑ፤ «ፕሮግራም» ብለው ፋይሉን ያሳዩት፣ «ብሎክ» ይምረጡ፣ ስም ሰጥተው ይጨርሱ። የዊንዶውስ የራሱ አገልግሎቶች ላይ ግን አይሞክሩት፤ አፕዴት ይቋረጥብዎታል።

ፍላሼ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ። ፋይሌ ጠፍቷል?

በአብዛኛው አልጠፋም፤ ተደብቋል። ቫይረሱ እውነተኛ ፋይሎችዎን ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ አስገብቶ ይሰውራል፣ በምትካቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ሲጫኑ ፋይሉ ስለሚከፈት ምንም የተፈጠረ አይመስልም፤ በዚያው ቅጽበት ግን ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ስለዚህ ሾርትከቱን ፈጽሞ አይጫኑት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍላሹን አጽድቶ ኮምፒውተሩን ሲተወው ነው። የታመመው ኮምፒውተሩ ከሆነ ፍላሹን በሰካ ቁጥር እንደገና ይይዘዋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ፍላሹን ነቅለው ዲፌንደሩን አፕዴት ያድርጉ፤ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ያስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል፤ እየሠራ ያለ ቫይረስ ራሱን መደበቅ የማይችለው እዚህ ላይ ነው። የተከፈተ ሥራ ካለዎት አስቀድመው ሴቭ ያድርጉ። ሲጨርስ «ታስክ ማናጀር» ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን ያዩና የማያውቁትን፣ በተለይ ትርጉም የለሽ ስም ያለውን ያጥፉ።

አሁን ፍላሹን ይሰኩ፤ ሳይከፍቱ በቀኝ ክሊክ «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» ያድርጉ (ዊንዶውስ 11 ላይ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ ሊሆን ይችላል)። ከዚያ ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ፎልደር ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ቪው» ገብተው የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክትም ያንሱ። ይህንን ሁለተኛውን የዘለለ ሰው ፎልደሩን አያየውም፣ «ጠፋብኝ» ብሎ ፎርማት የሚያደርገውም ያኔ ነው። ስም የለሹ ፎልደር ሲመጣ ፎልደሩን ራሱን ሳይሆን ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ብቻ ዴስክቶፕ ላይ በከፈቱት አዲስ ፎልደር ውስጥ ይቅዱ። ሁሉም መቀዳቱን ከፍተው ካረጋገጡ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት፤ «ኩዊክ ፎርማት» ይበቃል። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ቪዲዮ የሚያስቀምጡበት ከሆነ «ኤክስፋት» ይምረጡ፤ «ፋት32» ያንን መጠን አይቀበልም። በመጨረሻ ያነሱትን ምልክት ይመልሱ።

ማራኪ አካባቢ ፕሪንት ባስደረግሁ ቁጥር ቫይረስ ይዤ እመለሳለሁ። መፍትሔ አለው?

ከፕሪንት ቤቱ ጋር መጣላት አይጠቅምም፤ በቀን የስንቱ ሰው ፍላሽ ነው የሚሰካበት። ሰነዱን ፒዲኤፍ አድርገው በቴሌግራም መላክ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ፊደሉም አይበላሽብዎትም። ኢንተርኔት ከሌለ ለፕሪንት ብቻ የሚሆን ትንሽ ፍላሽ ይለዩ፤ የሚታተመውን ፋይል ብቻ ይያዙበት፣ ቤት ሲመለሱ ምንም ሳይከፍቱበት ፎርማት ያድርጉት። የመመረቂያ ጽሑፍዎን ብቸኛ ቅጂ የያዘ ፍላሽ ይዘው በጭራሽ አይሂዱ። ፊልምና ዘፈን የሚያስቀዱበትም ፍላሽ እንዲሁ ለብቻው ይሁን።

በተጨማሪ ኮምፒውተርዎ ላይ «አውቶፕሌይ»ን ያጥፉ፤ ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥም የፋይል ማብቂያ ስሞች እንዲታዩ ያድርጉ። የፎልደር ወይም የሰነድ ምስል ለብሶ ስሙ ግን በኢኤክስኢ የሚያልቅ ፋይል ካዩ ፕሮግራም ነው፣ ሰነድ አይደለም።

ኢንተርኔት ሳምንት ሁለት ሳምንት የማላገኝበት ጊዜ አለ። እንዴት ላድሰው?

የዲፌንደር መረጃ በቀን ብዙ ጊዜ ይወጣል። በየቀኑ የሚያድስ ሰው የሚያወርደው ጥቂት ነው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣ ግን ሙሉውን ጥቅል ያወርዳል፣ እሱም ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ስለዚህ ባለ ዳታ ሰው ቶሎ ቶሎ ማደሱ ይረክስለታል።

ኢንተርኔት ጨርሶ ከሌለ መረጃውን በፋይል መልክ ማምጣት ይቻላል። ማይክሮሶፍት በደኅንነት መረጃ ገጹ ላይ የዲፌንደርን ሙሉ ጥቅል ያስቀምጣል፤ ለ64-ቢትና ለ32-ቢት የተለያየ ስለሆነ የእርስዎን «ሲስተም» ከሚለው ገጽ አስቀድመው ይዩ። መሥሪያ ቤት ወይም ግቢ ውስጥ አውርደው በንጹሕ ፍላሽ ያመጡትና ደብል ክሊክ ያደርጉታል። ምንም መስኮት አይከፈትም፤ አልሠራም ብለው ደጋግመው አይጫኑት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» ላይ ቀኑ መቀየሩን ይመልከቱ።

የስልክ ሆትስፖትን «ሚተርድ» (ዳታው የተገደበ) ያደረገ ሰው የዊንዶውስ ትልልቅ አፕዴቶች በራሳቸው አይወርዱበትም። ያ ለዳታ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዲፌንደሩም መረጃ በራሱ ላይወርድ ስለሚችል «ቼክ ፎር አፕዴትስ»ን በእጅዎ ይጫኑ። ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ካለ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ውስጥ «በአካባቢዬ ኔትወርክ ያሉ» የሚለውን ይምረጡ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ይወስዳል። የኢንተርኔቱን አማራጭ ግን አይምረጡ፤ በእርስዎ ዳታ ለማያውቁት ሰው ይልካል።

ዊንዶውስ 10 አብቅቷል ይባላል። አንቲቫይረስ ካለኝ ችግር አለው?

አለው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዲፌንደር የቫይረስ መረጃ ማግኘቱን ይቀጥላል፤ ነገር ግን አንቲቫይረስ የዊንዶውሱን ቀዳዳ አይደፍንም። ማይክሮሶፍት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት አዘጋጅቷል። ኮምፒውተሩ 22ኤች2 የተባለው እትም ላይ ከሆነ «ዊንዶውስ አፕዴት» ገጽ ላይ የመመዝገቢያ ማስፈንጠሪያ ይወጣል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንግን ሲንክ ለሚያደርግ ያለ ክፍያ የሚሰጥበት አማራጭ አለው።

ወደ 11 ለመሻገር 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታ፣ ሴኪዩር ቡትና ቲፒኤም 2.0 የተባሉ የኮምፒውተሩ የደኅንነት ክፍሎች ያስፈልጋሉ፤ ፕሮሰሰሩ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ከራሙ በፊት ትውልዱን ይጠይቁ። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል፤ ምንም ዓይነት አንቲቫይረስ አያድነውም። እንዲህ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ለብራውዘርና ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ምትክ ሊነክስ ሚንት የተባለው ነጻ ሲስተም ይጫንበት።

የዲፌንደሩ አልበቃኝም፣ ሌላ እፈልጋለሁ ብልስ?

ይቻላል። ልጆች የሚከፍቱትን መቆጣጠር ወይም ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ፈቃድ መጠበቅ ከፈለጉ ምክንያታዊ ነው። ከመክፈልዎ በፊት የኤቪ-ቴስትን ወይም የኦስትሪያውን ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ የቅርብ ውጤት ይዩ፤ በተለይ የፍጥነቱን ክፍል። በሣጥን የሚሸጥ ከሆነ ለስንት ኮምፒውተርና ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ መፋቂያው ያልተነካ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ኮዶች ለተወሰነ አካባቢ ብቻ ስለሚሠሩ ሱቁ ውስጥ አክቲቬት አድርገው ይውጡ። በቴሌግራም የሚዞር «የዕድሜ ልክ ኮድ» አይግዙ። የተሰበረ አንቲቫይረስማ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጡት ላላወቁት ሰው ነው።

ነጻ የሆኑትም ዋጋ ሊኖራቸው ይችላል። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የብራውዘር መረጃ በመሸጡ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በፈረንጆች 2024 የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ወስኖበታል። ነጻውን ሲጭኑ መረጃ ማጋራትን የሚመለከተውን ሴቲንግ ፈልገው ያጥፉ።

አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ስጭን በምን ቅደም ተከተል?

አዲሱን መጫኛ አስቀድመው ያውርዱ፤ ትንሿን ሳይሆን ሙሉውን፣ «ኦፍላይን ኢንስቶለር» የሚባለውን። ትንሿ ስትጫን መቶዎች ሜጋባይት ታወርዳለች፣ መሐል ላይ ኢንተርኔት ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ያለ ጥበቃ ይቀራል። የፈቃድ ኮዱን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ አሮጌውን ከሴቲንግ ያራግፉ፣ ሪስታርት ያድርጉ፤ የድርጅቱን የራሱን ማጽጃ መሣሪያ ያስኪዱ (ማካፊ፣ አቫስት፣ ኢሴት፣ ካስፐርስኪ ሁሉም አላቸው)፤ እንደገና ሪስታርት ያድርጉ፤ አዲሱን ይጫኑ፤ አፕዴት ያድርጉ፤ በመጨረሻ ሙሉ ፍተሻ ያስኪዱ። ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ከሌለዎት መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ያስወግዱ።

ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ አይጫንም። አንዱ የያዘውን ፋይል ሌላው ሊፈትሽ ይታገላል፣ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ይቆማል። ሌላ ሲጫን ዲፌንደር በራሱ ወደ ኋላ ይላል፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ለሙከራ የሚመጣው አንቲቫይረስ ጊዜው ሲያልቅ ግን አራግፈው ዲፌንደሩ መመለሱን በዓይንዎ ይዩ።

ስካን ሲጀምር ኮምፒውተሩ አላላውስ ይላል።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የአሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። ወደ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ) መቀየር ከየትኛውም «ቀላል» አንቲቫይረስ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ፋይሎቼ ሁሉ የማላውቀው ማብቂያ ተጨምሮባቸው አልከፈት አሉ፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍም አለ።

ራንሰምዌር ነው። ዋይፋዩንና የተሰካ ዲስክ ካለ ወዲያውኑ ይንቀሉ። በቤት ኮምፒውተር ላይ በብዛት የሚታየው ስቶፕ ዲጄቪዩ የሚባለው ቤተሰብ በክራክ የሚመጣ ነው፤ ከመቆለፉ ጎን የይለፍ ቃል የሚሰርቅም ይዞ ሊመጣ ስለሚችል የኢሜይልዎን፣ የቴሌግራምዎንና የባንክዎን ሚስጥር ቁጥር ከሌላ መሣሪያ ይቀይሩ። ገንዘብ አይክፈሉ። «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባለው የፖሊስና የደኅንነት ድርጅቶች ድረ ገጽ ላይ የተቆለፈ ፋይል ናሙና አስገብተው መክፈቻ እንዳለው ይዩ። ለዲጄቪዩ መክፈቻ የሚሠራው ለቆዩት ዓይነቶችና «ኦፍላይን» በሚባለው ቁልፍ ለተቆለፉት ብቻ ነው። ዛሬ ባይገኝም የተቆለፉትን አያጥፉ፤ አንድ ዲስክ ላይ ያቆዩዋቸው፣ መክፈቻዎች ከዓመታት በኋላ ሲወጡ ታይቷል።

የሰርግና የጥምቀት ፎቶዎን፣ የትምህርት ማስረጃዎን ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ቀድተው ዲስኩን ነቅለው ያስቀምጡ። ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ አብሮ ይቆለፋል። ዲፌንደር ውስጥ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል ተጨማሪ ጥበቃም አለ፤ ካላበሩት የጠፋ ነው። ሲያበሩት አንዳንድ ትክክለኛ ፕሮግራሞች ሴቭ ማድረግ ሊያቅታቸው ይችላል፤ እነሱን ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ይጨምሯቸው።

ብራውዘሬ ላይ «ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ አለበት» የሚል ይመጣል።

ማስታወቂያ ነው፤ ድረ ገጽ ኮምፒውተርዎን ሊፈትሽ አይችልም። አይጫኑት፣ ስልክ ቁጥር ቢሰጥዎም አይደውሉ። በቀኝ ጥግ እየደጋገመ የሚመጣ ከሆነ አንድ ቀን «አላው» ያሉት ድረ ገጽ ነው፤ በክሮም ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ» ገብተው የማያውቁትን ሁሉ ያስወግዱ።

ጥበቃው መሥራቱን ያለ ቫይረስ መሞከር ይቻላል?

ይቻላል። ኢካር የተባለው የአውሮፓ ድርጅት ለዚሁ ሲባል ያዘጋጀው 68 ፊደላት ብቻ ያሉት የጽሑፍ ፋይል አለ። ምንም ጉዳት የለውም፤ አንቲቫይረሶች ግን እንደ ቫይረስ እንዲይዙት ተስማምተውበታል። ከድርጅቱ ድረ ገጽ ለማውረድ ሲሞክሩ ዲፌንደሩ ወዲያው ካገደው እየሠራ ነው። ዝም ካለ ወደ «ኤክስክሉዥንስ» እና ወደ «ሪል-ታይም ፕሮቴክሽን» ይመለሱ።